ጠባቂ ስላልነበራቸው ተማሪዎች፤ የፑኝዶ ታሪክ

ታሪክ ጸሐፊዎች የነገሥታትን ዘመን፣ የጦርነትን ድልና ሽንፈት፣ የከተማን መቈርቈር ተግተው ይጽፋሉ። ነገር ግን አንድ ትንሽ ልጅ ጧት ከእናቱ ደጅ ወጥቶ ማታ እስኪመለስ ድረስ በትምህርት ቤት ያገኘውን ነገር የሚጽፍ ጥቂት ነው። ይህም የሆነው ነገሩ ትንሽ ስለ መሰለ ነው። ሆኖም የአገር ጠባይ የሚቀረጸው በዚያ ሰዓት ውስጥ ነው። በጓደኞቹ ፊት ተዋርዶ፣ ተደብድቦ፣ የሚያድነው ያጣ ሕፃን፣ ካደገ በኋላ ሰው ሁሉ ወይ መቺ ወይ ተመቺ ነው ብሎ ያምናልና።

ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም አባትና እናት በሌሉበት ሰዓት የተማሪ ጠባቂው ማን ነው የሚል ነው። ይህን ጥያቄ በወረቀት ሳይሆን በገዛ ሕይወታቸው የተጠየቁ ብዙ ሺህ ተማሪዎች በአገራችን ምዕራብ ዳርቻ፣ በጋምቤላ ምድር፣ በፑኝዶ ነበሩ። የነርሱን ታሪክ ከመናገር በፊት ግን ስለ ቀደመው ልማዳችን ጥቂት ማለት ይገባል።

በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አባት ልጁን እየመራ ወደ የኔታ ዘንድ ሲያደርስ አደራ ብሎ ይሰጥ ነበረ። አደራ የሚባለው ቃል ከባድ ነው፤ የተቀበለው ሰው ልጁን ሊያስተምር ብቻ ሳይሆን በደኅና ሊመልስም ዋስ ይሆናልና። ልጁም ፊደል ቈጥሮ፣ አቡጊዳን ዘልቆ፣ መልእክተ ዮሐንስን አልፎ ዳዊት እስኪደግም ድረስ ከየኔታ ዓይን አይርቅም ነበረ። ከዚያ ወዲያ ዜማ ወይም ቅኔ ለመማር የተነሣ እንደ ሆነ ከአገሩ ወጥቶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ የሰውን ደጅ ይጠና ነበረ። ውሻ ሲያባርረው፣ ረኃብ ሲጠናበት፣ በሽታ ሲጥለው የሚያስታምመው ጓደኛው ነበረ። ትልቁ ተማሪ ትንሹን ያስጠናው ነበረ፤ ከለመነውም ቍራሽ ያካፍለው ነበረ።

ይህ የልማዱ መልካም ገጽ ነው። ሁለተኛውን ገጽ መሸፈን ግን ለታሪክ አይገባም። ቍንጥጫ፣ ኵርኵም፣ አለንጋ፣ ማንበርከክ የትምህርት ዕቃ እስኪመስሉ ድረስ ተለምደው ነበረ፤ ከትምህርት ቤት የሸሸ ልጅ በእግር ብረት የታሰረበት ጊዜም ነበረ። ትንሹን የሚያስጠናው ትልቅ ተማሪ ደግ ከሆነ እንደ ወንድም ነበረ፤ ክፉ ከሆነ ግን እንደ ጌታ ሆኖ ውሃ ያስቀዳው፣ እንጨት ያስለቅመው፣ የለመነውን ይቀማው ነበረ። ትንሹም የደረሰበትን ቢናገር የሚሰማው አልነበረም። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም የሚል ሕዝብ፣ የልጅን ምስክርነት ለፍርድ የሚበቃ አድርጎ አይቀበለውምና።

ለዚህ ልማድ መከላከያ አድርገው የሰሎሞንን ምሳሌዎች የሚጠቅሱ ብዙዎች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ነገር ግን በትር የእረኛ ዕቃ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። እረኛ በትሩን የሚይዘው ተኵላውን ሊመታበትና የባዘነውን ሊመልስበት ነው፤ በጉን ሊሰብርበት ከሆነ ግን እረኛነቱ ቀርቶአል። በወንጌል እንደ ተጻፈውም፣ ሕፃናትን ይዘው የመጡትን ደቀ መዛሙርት በገሠጹአቸው ጊዜ ጌታችን የተቈጣው በገሣጮቹ ላይ ነው እንጂ በሕፃናቱ ላይ አይደለም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ዘመናዊውን ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ከከፈቱ በኋላ ትምህርቱ ተለወጠ፤ የመቅጣቱ ልማድ ግን ከአሮጌው ቤት ወደ አዲሱ ተሻገረ። ሕጉም ለብዙ ዘመን ከልማዱ ጋራ ተስማምቶ ኖረ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አሳዳጊ ልጁን ለማረም ቀላል የአካል ቅጣት ሊሰጠው እንደሚችል ይፈቅድ ነበረ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ይህን የአካል ቅጣት የሚለውን ቃል ትቶ፣ አሳዳጊ ለልጁ አስተዳደግ ተገቢውን የእርምት ርምጃ ይወስዳል ብሎ ደነገገ። ከዚያም አስቀድሞ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጹ ሕፃን ሁሉ በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ቤት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ እንዲሆን አዝዞአል። በሌላው ዓለምም ይህ ነገር ቀስ እያለ የመጣ ነው። የፖላንድ መንግሥት በትምህርት ቤት ተማሪን መምታት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1783 ሲከለክል፣ ወላጆች እንኳ ልጃቸውን እንዳይመቱ በሕግ የከለከለች የመጀመሪያይቱ አገር ስዊድን በ1979 ነው። በሁለቱ መካከል ወደ 200 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አለ።

እንግዲህ ወደ ፑኝዶ እንመለስ። ፑኝዶ ከጋምቤላ ከተማ በስተ ደቡብ፣ በአኝዋክ ሕዝብ አገር፣ በጊሎ ወንዝ አጠገብ ያለች ቦታ ናት። ምድሩ ቆላ፣ ሜዳውም ረጅም ሣር የሚያበቅል ነው፤ የአገሩ ሰው በቆሎና ማሽላ ይዘራል፤ ከወንዙም ዓሣ ያጠምዳል። ጊሎ በክረምት ሞልቶ ሜዳውን ያለብሳል፤ በውስጡም አዞ አለ። ይህ ወንዝ ኋላ በዚህ ታሪክ ውስጥ እንደ ገና ይመጣል።

በግንቦት ወር 1975 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን በቦር ከተማ ወታደሮች በካርቱም መንግሥት ላይ ዐመፁ፤ ከዚያም የሱዳን ሕዝብ ነጻ አውጪ ጦር ተቋቋመና ለ22 ዓመት ያልበረደ ጦርነት ተጀመረ። ታጣቂዎች መንደሩን ሲያቃጥሉ፣ ከብቱን ሲነዱ፣ ሰውን ሲገድሉና ሲማርኩ፣ ከብት ጥበቃ ላይ የነበሩ ብላቴኖች ከቤተሰባቸው ተለይተው ወደ ምሥራቅ ሸሹ። አብዛኞቹ የዲንካና የኑዌር ልጆች ነበሩ፤ ከነርሱም መካከል ሰባትና ስምንት ዓመት ያልሞላቸው ይገኙ ነበረ። ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር በእግራቸው ተጕዘው፣ ከነርሱም ብዙዎች በረኃብ፣ በጥምና በአውሬ በመንገድ ቀርተው፣ የተረፉት ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። በፑኝዶ፣ በኢታንግና በዲማ በተከፈቱት የስደተኛ ሰፈሮች አባትና እናት ከአጠገባቸው የሌሉ ከ10 ሺህ የሚበልጡ ልጆች ተሰበሰቡ፤ ከሁሉ ይልቅ የብዙዎቹ መኖሪያ ፑኝዶ ነበረች። ሲደርሱ አጥንታቸው ከቆዳቸው ተጣብቆ ነበረ፤ በመጀመሪያዎቹም ወራት በሽታ ብዙዎቹን ቀጠፋቸው።

ልጆቹ ጥቂት ሲያገግሙ የጭቃና የሣር ጎጆ በገዛ እጃቸው ሠሩ። በቡድን በቡድን ተከፍለው፣ ለየቡድኑ አንድ ትልቅ ሰው ተንከባካቢ ተሾመላቸው፤ ከልጆቹም መካከል በዕድሜ ከፍ ያለው አለቃ ሆነ። እህሉን በቡድን ይቀበላሉ፤ ተራ ገብተው ያበስላሉ፤ እንጨትና ውሃ ያመጣሉ። ትምህርት ቤት ማለትም የዛፍ ጥላ ነበረ። ደብተርና እርሳስ እስኪመጣ ድረስ ፊደሉን በጣታቸውና በእንጨት በመሬት ላይ ይጽፉ ነበረ፤ አፈሩን ዳብሰው ያጠፉታል፤ ደግመው ይጽፋሉ። ከዛፉም ሥር ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ያለ ሕንጻና ያለ ደወል በምትሰበሰበው በዚያች ጉባኤ ብዙ ሕፃናት ተጠመቁ፤ በቋንቋቸውም መዝሙር ዘመሩ።

ይህን የሰማ ሰው ሕፃናት ራሳቸውን ችለው ያቆሙት መንግሥት ነው ብሎ ሊያደንቅ ይችላል፤ ማድነቁም ይገባዋል። ነገር ግን ጠባቂ የሌለው ተማሪ ምን እንደሚያገኘው የሚታየው በዚሁ ቦታ ነው። በፑኝዶ ሦስት አደጋዎች በልጆቹ ላይ ያንዣብቡ ነበረ።

ፊተኛው የመምህሩ ዱላ ነው። ያስተምሩ የነበሩት ብዙዎቹ ራሳቸው ስደተኞች፣ ከነርሱም የሚበዙት ለማስተማር ያልሠለጠኑ፣ ጦርነት ያደከማቸው ሰዎች ነበሩ። ብዙ ልጅ በአንድ ዛፍ ሥር ተሰብስቦ፣ መጽሐፍ በሌለበት፣ ጸጥታን የሚያመጣው ዱላ ብቻ መሰላቸው። ልጆቹ አድገው በጻፉአቸው መጻሕፍት ውስጥ ይህ መመታት ተመልሶ ተመልሶ ይነሣል። የተመታ ልጅ በመንደሩ ቢሆን ማታ ለእናቱ ያለቅስ ነበረ፤ እናቲቱም ወይ መምህሩን ትለምናለች፣ ወይ ዘመድ ትልካለች። በፑኝዶ ግን ማታ የሚያለቅሱበት ጭን አልነበረም።

ሁለተኛው የብርቱው ልጅ ክንድ ነው። እህል በተራቈተበት ቦታ ወንድምና አጎት ያለው ልጅ ድርሻውን ያስከብራል፤ ብቻውን የመጣው ግን ለጠንካራው ይገብራል። አለቃ የሆነው ትልቅ ልጅ ሥራ ያከፋፍላል፤ ከባዱ ሥራም ወደ ደካማው ማድላቱ የታወቀ ነው። ይህ ከልጆቹ ክፋት የመጣ አይደለም። ሥልጣን የተሰጠው፣ ነገር ግን የሚቈጣጠረው የሌለ ሰው፣ በ14 ዓመትም ቢሆን በ40 ዓመት፣ ወደዚያው ያዘነብላል። በጥንቱ ቅኔ ቤት ያየነው ትልቅ ተማሪ እዚህ እንደ ገና ተገኘ፤ ልዩነቱ ከበላዩ የኔታ አለመኖራቸው ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው የጦር መሪዎቹ ዓይን ነው። ነጻ አውጪው ጦር በዘመኑ ከነበረው መንግሥት ርዳታ ያገኝ ስለ ነበረ በሰፈሮቹ ውስጥ ኀይል ነበረው። ከተማሪዎቹም ብላቴኖችን እየመረጠ ወታደርነት ያሠለጥናቸው ነበረ፤ ስማቸውም ቀይ ጦር ተባለ። ዛሬ ሀ ሁ የሚጽፍ ጣት ነገ የጠመንጃ ምላጭ እንዲስብ ተፈረደበት። አሠልጣኙ፣ መምህሩና ተንከባካቢው አንዳንድ ጊዜ ከአንድ ወገን ስለ ነበሩ፣ ልጁ ከአንዱ ሸሽቶ ለሌላው ሊናገር አልቻለም። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ትምህርት አለ። ጠባቂው ከበዳዩ ጋራ አንድ ሲሆን ሕፃኑ ዝም ይላል፤ ዝምታውንም ሰላም ነው ብለው ይጽፉታል።

በዚያው ዘመን መልካም የሠሩ ሰዎችም ነበሩ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት እህልና መድኃኒት አመጣ። ራዳ ባርነን የሚባለው የስዊድን የሕፃናት አድን ማኅበርም በፑኝዶ ወላጅ ስለሌላቸው ልጆች ሥራ ያዘ፤ መምህራንንና ተንከባካቢዎችን እያሠለጠነ፣ በጦርነት የደነገጠ ሕፃን እንዴት እንደሚያዝ ያስተምር ነበረ። ከላይ እንዳልነው የስዊድን ሕግ ልጅን መምታት ከከለከለ ገና ዐሥር ዓመት ያህል ብቻ ሆኖት ነበረ። በጎረቤቲቱ በኖርዌይም በ1982 መጨረሻ ሦስት ብላቴኖች የጓደኞቻቸውን ጥቃት መታገሥ አቅቶአቸው ሕይወታቸውን ስላጠፉ፣ መንግሥቱ በ1983 በትምህርት ቤቶች ሁሉ ዘመቻ አስነሣ፤ ዳን ኦልዌውስ የተባለው ምሁርም ነገሩን መርምሮ መድኃኒቱን አሳየ። ጥናቱ ያስረዳው ቃል አጭር ነው፤ ይኸውም ብርቱ ልጅ ደካማውን ደጋግሞ ማጥቃቱ የልጅ ጨዋታ አይደለም፤ የሚቀረውም ትልልቆቹ ሰዎች በግልጽ አይተው፣ በግልጽ ሲከለክሉ፣ ተመልካቹም ልጅ ዝም እንዳይል ሲማር ነው የሚል ነው።

አሁን ወደ መራራው ወር ደርሰናል። የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ የሕፃናትን መብት ስምምነት በኅዳር 11 ቀን 1982 ዓ.ም. አጽድቆ ነበረ። ኢትዮጵያም ወደ ስምምነቱ የገባችው በግንቦት 6 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው። ሕፃን ሁሉ ከጥቃት ይጠበቃል የሚለው ቃል በአዲስ አበባ ስም በተጻፈበት በዚያው ወር መንግሥቱ ወደቀ፤ በግንቦት 20 ቀንም አዲስ አበባ በአዲሱ ጦር እጅ ገባች። ነጻ አውጪው ጦርም ከደርግ ጋራ ወዳጅ ስለ ነበረ ስደተኞቹ በፑኝዶ ሊቀመጡ አልቻሉም። በዚያው ግንቦት ልጆቹ ሰፈሩን ትተው ወደ ጊሎ ወንዝ ሸሹ። ዝናብ ጥሎ ወንዙ ሞልቶ ነበረ፤ ከኋላቸው ጥይት ይተኰስ ነበረ። ዋና የማያውቁት ሰጠሙ፤ አንዳንዶቹን አዞ ወሰዳቸው፤ ሌሎቹን ጥይት አገኛቸው። ከዛፍ ሥር ፊደል ሲጽፉ የነበሩ ተማሪዎች በብዛት በዚያ ቀሩ። በወረቀት የተጻፈ ጥበቃና በወንዝ ዳር ያለ ጥበቃ ምን ያህል እንደሚራራቁ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ በአገራችን ታሪክ ማግኘት ያስቸግራል። ይህ ማለት ግን ወረቀቱ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ሕግ ዘር ነው፤ የሚዘራውና የሚያርመው ሰው ካልተገኘ ግን ዘር ብቻውን እንጀራ አይሆንም።

የተረፉት በሱዳን ውስጥ ወደ ፖቻላ ሄዱ፤ ከዚያም በ1992 በአውሮፓ አቈጣጠር ወደ ኬንያ ተሻግረው በካኩማ ሰፈሩ። ከነርሱ ወደ 3800 የሚሆኑት ከ2000 ጀምሮ ወደ አሜሪካ ተወሰዱ። በዓለም ዘንድ የጠፉት ልጆች ተብለው ተጠሩ። ስሙ ግን ትክክል አይመስልም፤ የጠፋው ጠባቂያቸው ነበረ እንጂ እነርሱ እስከ መጨረሻው መንገድ ሲፈልጉ ነበሩ። ለምስክርም ከፑኝዶ ተማሪዎች አንዱ የነበረው ቫለንቲኖ አቻክ ዴንግ ይበቃል። ታሪኩን አሜሪካዊው ጸሐፊ ዴቭ ኤገርስ በ2006 በመጽሐፍ ካወጣለት በኋላ፣ ከዚህ ከተገኘው ገንዘብ በትውልድ መንደሩ በማሪያል ባይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሠርቶ በ2009 ከፈተ፤ ኋላም በሰሜን ባሕር ኤል ገዛል የትምህርት ሚኒስትር ሆነ። በአፈር ላይ የጻፈ ልጅ ለሌሎች ሰሌዳ ተከለ።

ፑኝዶ ግን ከተማሪ ባዶ ሆና አልቀረችም። በ1993 በአውሮፓ አቈጣጠር የስደተኛው ሰፈር እንደ ገና ተቋቋመ፤ በታኅሣሥ 2013 በደቡብ ሱዳን አዲስ ጦርነት ሲነሣም ብዙ ሕዝብ፣ ከሕዝቡም መካከል ወላጅ የሌላቸው ብዙ ልጆች ወደ ጋምቤላ ጐረፉ። ኢትዮጵያም በ2011 ዓ.ም. ባወጣችው የስደተኞች ዐዋጅ የስደተኛ ልጅ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ከዜጋ ልጅ ጋራ እኩል እንዲታይ አዘዘች። ነገር ግን በዚህ ምድር የትልልቆቹ ጠብ ወደ ልጆቹ መውረዱ አልቀረም። በኅዳር 1995 ዓ.ም. በፑኝዶ ሰፈር ውስጥ ስደተኞች ተጋጭተው ብዙ ሰው ሞተ፤ በታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. ደግሞ በጋምቤላ ከተማ ብዙ አኝዋኮች ተገደሉ። እንዲህ ያለ ነገር ባለፈበት አገር በትምህርት ቤት ግቢ የሚነገር አንድ የስድብ ቃል የልጅ ስድብ ብቻ አይደለም፤ ልጁ ከቤቱ ምድጃ ዳር ሰምቶት የመጣ የሽማግሌዎች ቂም ነው። ስለዚህ ተማሪ በዘሩ፣ በቋንቋው፣ በፊቱ ላይ ባለው ምልክት ሲሰደብ ሰምቶ ዝም የሚል መምህር ሁለት ልጆችን አላስታረቀም ብቻ አይባልም፤ ሁለት ሕዝብ ሲጣላ ቆሞ ያያል እንጂ።

ከዚህ ታሪክ ለኛ ለዛሬዎቹ የሚቀሩልን ጥቂት ነገሮች አሉ። ሕፃን የደረሰበትን የሚነግረው አንድ የታመነ ሰው በየትምህርት ቤቱ ይኑር፤ ያም ሰው ከቅጣቱ ባለ ሥልጣን የተለየ ይሁን፤ በፑኝዶ ልጁን ያስጨነቀው ሁሉም በአንድ እጅ መሆኑ ነበረና። ትልቁ ተማሪ በትንሹ ላይ አለቃ ቢሾም ትንሹም ስለ አለቃው የሚጠየቅበት ቀን ይወሰን። ጥቃት መምህር በማያይበት በመንገድ፣ በውሃ መቅጃ፣ በሽንት ቤት ጓሮና በዕረፍት ሰዓት ስለሚበዛ፣ ጥበቃ በክፍል ውስጥ ብቻ አይወሰን። ስለ ሴቶች ልጆች ከሁሉ ይልቅ ይታሰብ፤ በነርሱ ላይ የሚደርሰው ነውር ተብሎ ይሸፈናልና፣ ሽፋኑም በዳዩን እንጂ ተበዳይዋን አይጠቅምም። አባትም ልጁ ተመትቶ ቢመጣ፣ ሂድና አንተም ምታ ብሎ አይመልሰው፤ ተነሥቶ ወደ ትምህርት ቤቱ ይሂድለት እንጂ።

ቤተ ክርስቲያንም በዚህ ነገር ላይ ሥራ አላት። በሰንበት ትምህርት ቤት የሚሰበሰቡት ሕፃናት በሳምንቱ ውስጥ የት እንደ ዋሉ፣ ማን እንዳስለቀሳቸው የሚጠይቅ ካህን ቢገኝ፣ ብዙ የተደበቀ እንባ ይገለጣል። ቀድሞ አባቶቻችን ልጅን ሲያስረክቡ አደራ ይሉ ነበረ። ዛሬ ልጆቻችንን የምናስረክበው በመዝገብና በቍጥር ነው፤ ትምህርት ቤቱም ብዙ፣ ተማሪውም እልፍ ነው። ቃሉ ግን አልተሻረም። በፑኝዶ ዛፍ ሥር የተቀመጡት ሕፃናት አደራ የሚልላቸው አንድ ሰው አጥተው ነበረ፤ በየደጃችን የሚያልፉት ተማሪዎች ግን እኛ አሉአቸው። ስለ እነርሱ የምንጠየቅበት ቀን እንዳለ አውቀን ከወዲሁ እንትጋ።